ጎንበስ ያለ ሰው ስለማይታየው ጋሪ

ለክቡር አቶ አምደሚካኤል
የአዝመራ በር የፓስታና የብስኩት ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ እንዲሁም ስለ ሥራነሽ እግር

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በመልካም ጤንነት፣ በተለይም ወገብዎን ቀጥ እንዳለ እንዲያገኘው ከልብ እመኛለሁ። ወገብን ለይቼ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በእርስዎ ፋብሪካ ውስጥ ቀጥ ያለ ወገብ ከመታወቂያ ወረቀት የበለጠ እንደሚያገለግል በቅርቡ ስለተረዳሁ ነው። እኔ በበኩሌ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ደክሞኛል እንጂ አላመመኝም።

ስሜ እንዳላማው ነው። በደብረ ኤልያስም እዚህ በደብረ ማርቆስም ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ። ከዚህ ቀደም በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎ ነበር፤ ጸሐፊዎ ደብዳቤዎቼን ከወንበሯ ብድግ ብላ፣ በሁለት እጇ ተቀብላኛለች፤ ስለዚህ አስተዳደጓ ወላጆቿን አመሰግናለሁ። መልስ ግን አልመጣም። ሥራ የበዛበት ሰው የታሸገ ነገር ለመክፈት ጊዜ እንደሚያጣ ስለምረዳ ይህንኛውን ከመነሻው ክፍት አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ እርስዎ ባያነቡት እንኳ ያነበበ ሰው ይነግርዎታል።

አንባቢ እንዳይቸገር ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ከከተማችን ወጣ ብሎ በደብረ ኤልያስ መንገድ ዳር በተሠራው ፋብሪካዎ ውስጥ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ራሱን በራሱ የሚነዳ ጋሪ ይሠራል። ሾፌር የለውም። የታሸገውን ፓስታ በካርቶን እንደተደረደረ ከማሸጊያው ክፍል ተሸክሞ መጋዘን ያደርሳል፣ ባዶውን ይመለሳል፣ መንገዱን ራሱ ይመርጣል፣ ሰው ከፊቱ ሲያይ ደግሞ ይቆማል። ሲያይ ነው ያልኩት፤ አንባቢዬ ይህን ልብ ይበልልኝ። ሥራነሽ የምትባል ከጉንደ ወይን የመጣች ልጅ በግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ በዚሁ ፋብሪካ በማሸጊያው ክፍል ትሠራ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ጋሪው ከአንድ የሲሚንቶ ምሰሶ ጋር አጣብቆ የግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ሰበረው። አጥንቱ ታስሮ ነበር፤ ነገር ግን ጠሞ ያዘ። ባሕር ዳር ሄዳ እንደገና ተከፍቶ ካልተስተካከለ፣ ያውም አጥንቱ ጨርሶ ሳይጠና፣ ዕድሜ ልኳን በምርኩዝ እንደምትሄድ ሐኪሙ ነግሯታል። ፋብሪካው ያሳክማት ወይስ አያሳክማት የሚለው በእርስዎ ፊርማ ይወሰናል። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚያች ፊርማ ነው። የቀረው ምስጋና ነው፤ በተራ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጋሪው ዓይን አመሰግናለሁ። ጋሪው ሲመጣ ዓይኑ ከታች፣ ከቁርጭምጭሚት ብዙ በማይርቅ ከፍታ ላይ እንደነበረ ከመሐንዲስዎ ከሚንሃጅ ሰምቻለሁ፤ ወጣቱን ጠየቅሁት፣ እንደ ጨዋ ልጅ ሳይሸሽግ መለሰልኝ። በዚያን ጊዜ ጋሪው የወደቀ ካርቶን ሲያይ ይቆም ነበር፤ መጥረጊያ ሲያይ ይቆም ነበር፤ የተቀደደ ላስቲክ ነፋስ ሲገፋው ይቆም ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ከየት እንደመጣች ያልታወቀች ድመት መንገዱ ላይ ተኝታ፣ እሷ እስክትነሣ ድረስ የፓስታው ሥራ በሙሉ ሲጠብቃት ዋለ አሉ። ይህ ለምርት እንደማይመች ይገባኛል። ወለሉን አዘውትሮ ከማስጠረግ ይልቅ ዓይኑን ከፍ ማድረግ ስለቀለለ፣ ዓይኑ ከነበረበት ተፈትቶ ሰው ደረት ጋ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ድመት አያስቆመውም።

ማስተማር ልማድ ሆኖብኝ ነገሩን በመስመር ላስረዳ። ያ ዓይን የሚያየው በደረት ከፍታ ዙሪያውን እንደተወጠረ ገመድ ነው። ገመዱን የነካ ሰው አለ፤ ከገመዱ ሥር ያለ ሰው የለም። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው አለ፤ የተቀመጠ፣ የወደቀ፣ ዕቃ ለማንሣት ያጎነበሰ ሰው ግን የለም። ድመትን ከቁጥር ለማስወጣት ተነሥታችሁ ሰውንም አብራችሁ ማስወጣታችሁ፣ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ የመጨረስ ችሎታችሁን ያሳያል።

ሁለተኛ፣ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ትልቅ ስክሪን አመሰግናለሁ። ጋሪውን ያስቆመ ሠራተኛ ስሙ በዚያ ላይ በቀይ ይወጣል፤ ፈረቃው እስኪያልቅም አይጠፋም። የረባሽ ተማሪን ስም ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማዋል ከትምህርት ቤት ከቀረ ወዲህ የት እንደገባ እጠይቅ ነበር፤ አገኘሁት። ማሽን ሰው አይቶ ከቆመ ሥራውን በትክክል ሠራ ማለት ይመስለኝ ነበር። በእናንተ ዘንድ ግን መቆሙ እንደ ጥፋት ይመዘገባል፤ ጥፋተኛውም የታየው ሰው ነው።

የፈረቃ ኃላፊው አምሳሉ ክፉ ሰው እንዳልሆነ ሠራተኞቹ ሁሉ ይመሰክሩለታል። እሱም ከላይ ይጠየቃል። ጠዋት ጠዋት ሰብስቧቸው፣ “እናንተ ልጆች፣ ዛሬ ደግሞ ቀይ እንዳታስቆጥሩብኝ፤ ስማችሁ እዚያ በወጣ ቁጥር ቢሮ የምጠራው እኔ ነኝ” ይላቸው ነበር። እነሱም ወደውት፣ እሱን ላለማስጠራት፣ ከጋሪው ዓይን የሚያመልጡበትን መንገድ ሳይፈልጉ አገኙት።

ሦስተኛ፣ እንዴት እንዳገኙት ልንገርዎ፤ ምክንያቱም ለዚህም የሚመሰገኑት እርስዎ ነዎት። ጋሪው ሥራ በጀመረበት ቀን ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ እንደ እንግዳ እንዲያከብሩትና መንገድ እንዲለቁለት አሳስበዋቸው ነበር። የእኛ አገር ሰው ስለ ክብር ሲነገረው ይሰማል። ታላቅ ሰው በተቀመጠበት ፊት ማለፍ ግድ ሲሆንበት እዚህ ያደገ ሰው ምን እንደሚያደርግ እርስዎም ያውቃሉ፤ ጎንበስ ይላል፣ ልብሱን ሰብሰብ ያደርጋል፣ ጀርባዬን ሰጠሁ ብሎ ይቅርታ እየጠየቀ ያልፋል። ከማሸጊያው ክፍል ሴቶች መካከል ፈውዚያ የምትባል ቀልደኛ አለች፤ አባቷ በገበያው አካባቢ ሱቅ አላቸው። አንድ ቀን ባልደረቦቿን ለማሳቅ ብላ ልክ እንደዚያ ከወገቧ ጎንበስ አለችና፣ ሻሿን በእጇ ይዛ፣ “ጌቶች፣ ይቅርታ፣ ጀርባዬን ሰጠሁ” ብላ በጋሪው ፊት አለፈች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጋሪው አልቆመም። ስሟም ስክሪኑ ላይ አልወጣም። ያኔ ሳቁ ቆመ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ማለፍ ያዘ። “ጌቶች መጡ፣ ዝቅ በሉ” የክፍሉ ሰላምታ ሆነ። አዲስ የተቀጠረ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ካርቶን ማሸግ ሳይሆን ማጎንበስ ሆነ፤ ያውም አስተማሪ ሳያስፈልገው፣ ከቤቱ ይዞት የመጣውን ነው። አምሳሉም ሲያያቸው “ለሰላምታ ደግሞ ማን ይቆጣል” አለ። ቀዩ ከስክሪኑ ጠፋ። እርስዎም በስብሰባ ላይ የሠራተኞቹን ጥንቃቄ አድንቀው፣ ጋሪው ሳይቆም መዋል መጀመሩን አብሥረው አስጨበጨቡ። ሠራተኞቹ ከማሽኑ ጋር ተግባብተዋል ማለትዎንም ሰምቻለሁ። እውነትዎን ነው፤ ተግባብተው ነበር፤ እነሱ እንደሌሉ ሊሆኑ፣ እሱም እንዳላያቸው ሊያልፍ።

ሥራነሽ እግሯ በተሰበረበት ቀን ያደረገችው ሌሎቹ በየቀኑ የሚያደርጉትን ነው። የማሸጊያ ላስቲክ ጥቅል ታቅፋ፣ ጎንበስ ብላ፣ በጋሪውና በምሰሶው መካከል ልታልፍ ገባች። ጋሪው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ይሄድበት የነበረውን መስመር ያን ቀን ትቶ ወደ ምሰሶው ዞረ፤ መንገዱን ራሱ ይመርጣል ብያለሁ። በእሱ ዕይታ ከፊቱ ማንም አልነበረም። ፈውዚያ ልትጠይቃት ስትመጣ፣ “መምህር፣ ስትጮህ እንኳ አልቆመም እኮ፤ ዓይን እንጂ ጆሮ አልገዙለትም” አለችኝና ቀልዱን ሳትጨርስ አለቀሰች። በመጨረሻ ሮጦ የማቆሚያውን ቁልፍ የተጫነው አምሳሉ ነው። ጋሪውን ስላስቆመም ስሙ ስክሪኑ ላይ በቀይ ወጥቶ እስከ ፈረቃው ማብቂያ ድረስ ዋለ። ሥርዓቱ ለማንም እንደማያዳላ ያየሁት በዚህ ነው።

አራተኛ፣ የአጣሪ ኮሚቴዎን የጽሑፍ ችሎታ ሳላመሰግን አላልፍም። “ሠራተኛዋ ሆን ብላ ከማሽኑ ዕይታ በመሰወሯ ለደረሰባት ጉዳት ኃላፊነቱ የራሷ ነው” ሲል ጽፏል። ውሳኔውን ለሥራነሽ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ ነው ያነበብኩት። ሰምታ ስትጨርስ፣ “መምህር፣ መሰወር ማለት መደበቅ አይደል እንዴ? ከማን ነው የተደበቅሁት? አምሳሉ ያየኝ ነበር፣ ፈውዚያ ታየኝ ነበር፤ እኔ ሰላምታ እየሰጠሁ ነበር የማልፈው” አለችኝ። ጥያቄዋን እንዳለ ለእርስዎ አስተላልፌአለሁ።

በቀን ብርሃን፣ የፋብሪካውን የሥራ ልብስ ለብሳ፣ የፋብሪካውን ዕቃ ታቅፋ፣ በኃላፊዋ ፊት ነው ያለፈችው። በአዳራሹ የነበረ ሰው ሁሉ አይቷታል። ያላያት አንድ ብቻ ነበር፤ ኮሚቴው ምስክር አድርጎ የጠየቀውም እሱን ብቻ ነው። የጋሪው መረጃ ከፊቱ ሰው እንዳልነበረ ያሳያል ተብሎ ተጽፏል። አልዋሸም። ዓይኑን ሌላ ሰው ወደ ላይ የሰቀለበት ምስክር፣ ከታች ያለውን አላየሁም ቢል ምን ይፈረድበታል? የሚፈረደው በሰቀለው ላይ ነበር፤ ውሳኔው ግን ስለ ሰቃዩ አንድም መስመር የለውም።

ከውሳኔው ጋር አብሮ የወጣውን አዲስ ማስታወቂያም ሰምቻለሁ። “በማሽኑ አካባቢ ቀና ብለው ይሂዱ” ይላል አሉ። ጥሩ ምክር ነው። ወለል ላይ የወደቀ ካርቶን ቀና እንዳሉ እንዴት እንደሚነሣ በሚቀጥለው ማስታወቂያ ይብራራ ይሆናል።

አምስተኛው ምስጋና አይደለም፤ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም የእኔ አይደለም። የሥራነሽ እናት ወይዘሮ ዘሪቱ ወሬውን ሰምተው ከጉንደ ወይን ተነሥተው ሆስፒታል ሲደርሱ መጀመሪያ የጠየቁት “ማን ገጫት?” ብለው ነው። ጋሪ ነው አልናቸው። “ጋሪውንማ ሰማሁ፤ ነጂው ማነው?” አሉ። ነጂ የለውም አልናቸው። ወደ ልጃቸው ዞር አሉና፣ “ታዲያ ማን ይመጣል?” አሉ።

እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎትና ምን ማለታቸው እንደሆነ አልተረጉምልዎትም፤ ለሌላ አገር አንባቢ ግን መናገር አለብኝ። እዚህ መኪና ሰው ሲገጭ የሾፌሩ ወገን ሽማግሌ ይልካል። በሬ ሰው ቢወጋ የበሬው ባለቤት ሽማግሌ ይልካል፤ በሬው ያሰበው ነገር እንደሌለ ሁሉም ቢያውቅም ይልካል። ሽማግሌዎቹ ከተጎጂው ደጅ ቆመው ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ይቅር በሉን ይላሉ። የተጎዳው ሰው ቢቆጣም ቢያለቅስም መጨረሻ ላይ ግቡ ይላቸዋል። ሕክምናውም፣ ካሣውም፣ የቀረውም ነገር የሚነገረው ከገቡ በኋላ ነው። ሳይገቡ የቀሩ እንደሆነ እግሩ ቢድን እንኳ ነገሩ አይድንም።

ወይዘሮ ዘሪቱ በሆስፒታሉ ውስጥ ከልጃቸው አልጋ ሥር ተቀምጠው ሰው በገባ ቁጥር ነጠላቸውን እያስተካከሉ ብድግ ይሉ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ የመጡ እየመሰላቸው። አንድ ቀን በእርግጥም ከፋብሪካው ሰው መጣ። ተነሡ። የመጣው የሥራነሽን የመግቢያ ካርድ ለመረከብ ነበር። ካርዱን ከልጃቸው ቦርሳ ውስጥ ፈልገው ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ሲሰጡትም ጎንበስ ብለው ነው የሰጡት፤ አስተዳደግ ነውና።

ስድስተኛ፣ ስለ ግብዣው። ሽማግሌ ይልካሉ ብለን ስንጠብቅ ሽማግሌ ጠሩ። ስለ ፋብሪካው የሚወራው ስለበዛ የማሽኑን ደህንነት በዓይናችን እንድናይ አዛውንቶችን ሰበሰቡ፤ ከቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪው መጡ፣ ከመስጊድ ሐጂ ሙሐመድሳኒ መጡ፣ ከጡረተኞች እኔ መጣሁ። ለስላሳና ብስኩት ቀረበልን። ብስኩቱ ጥሩ ነበር፤ ይህን ያለ ሽሙጥ እጽፋለሁ።

ሚንሃጅ የራስ መከላከያውን አድርጎ፣ እጆቹን ከጎኑ አጣብቆ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ጋሪው በሚመጣበት መንገድ ላይ ቆመ። ጋሪው መጣ፣ አየው፣ ቆመ። ተጨበጨበ። ሐጂ ሙሐመድሳኒ፣ “ማሻአላህ፣ የተገራ በቅሎ ነው” አሉ። እርስዎም ፊታችን ቆመው፣ “አባቶቼ፣ እንዳያችሁት ለዚህ ማሽን የማይታየው ሰው የለም” አሉ።

እንደሚያውቁት ጀርባዬ ጎብጧል። ዕድሜ ነው፤ ቀጥ የምለው ስተኛ ብቻ ሆኗል። ከዘራዬን ይዤ ተነሣሁና፣ “እስቲ እኔም በፊቱ ልለፍ” አልኩ። ማንንም ለማሳፈር አልነበረም። ተማሪዎቼን አንድ ምሳሌ ስለሠራ ብቻ ሁሉም ይሠራል እንዳይሉ ስመክር ነው የኖርኩት፤ ሌላ ምሳሌ ለመጨመር ፈልጌ ነው። ገና መራመድ ስጀምር ክንዴ ተያዘ። የያዙኝ እርስዎ ነበሩ። ከቆሙበት እኔ ዘንድ እንዴት እንደደረሱ አላየሁም፤ ሮጠው መሆን አለበት። “መምህር፣ ይቅርብዎ፤ ወለሉ ያንሸራትታል” አሉኝ። ወለሉ ደረቅ ነበር። እጅዎ ግን አልቦት ነበር።

ስለዚያ እጅ ብዙ አስቤአለሁ። ሰውን ከማሽን ፊት የሚያወጣ ደግ እጅ ነበር፤ ስለ ነፍሴ አመሰግንዎታለሁ፤ ይህም ያለ ሽሙጥ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች አልገጥም አሉኝ። ለጋሪው የማይታየው ሰው ከሌለ ለምን ያዙኝ? የማይታየው ሰው እንዳለ ካወቁ ደግሞ ሥራነሽ ሆን ብላ ተሰወረች በሚለው ወረቀት ላይ ስምዎ እንዴት ይሰፍራል? ሁለቱ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ አብረው ሊኖሩ አይችሉም፤ አንዱ መውጣት አለበት። ለኔ ያወቁትን ለሷም ይወቁላት፤ የምጠይቀው ይኸው ነው።

ክቡር ሆይ፣ በማሽኑ ላይ ቂም የለኝም። እሱ ከመምጣቱ በፊት ያንን ካርቶን ሁሉ በትከሻቸው የሚያመላልሱ ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በሠላሳ ዓመታቸው የእኔን ወገብ ይዘው ቀርተዋል። ሸክሙን ማሽን መውሰዱ መልካም ነው። ፋብሪካዎም ለዚህ ከተማ ልጆች እንጀራ ነው፤ ይዘጋ የሚል ሰው ቢመጣ መጀመሪያ የምከራከረው እኔ ነኝ። የምለምንዎ ይህ ብቻ ነው። “በመሰወሯ” የሚለው ቃል ከውሳኔው ይሰረዝ። ሥራነሽ ክረምቱ ሳይገባ ባሕር ዳር ትላክ። የጋሪው ዓይን ወደ ነበረበት ወደ ታች ይውረድ፤ ድመት ሲያይም ይቁም፣ ወለሉም ይጠረግ። ማሽን ሰው አይቶ ሲቆምም የማንም ስም በቀይ አይጻፍ።

ይህን ለመጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ሥራነሽ በግቢው ውስጥ አጥሩን ይዛ መራመድ ስትለማመድ በመስኮቴ አያታለሁ። እግሯ ወደ ውጭ ዞሯል። ስታየኝ የተሻላት ለመምሰል ፈጠን ትላለች፤ እኔም ያላየሁ እመስላለሁ። ሁለታችንም እየደከመን ነው። እርስዎ ግን ገና ወጣት ነዎት፤ ብርታቱም ሥልጣኑም አለዎት፤ አንድ ቃል ለመሰረዝ የሚያስፈልገው ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ስለወሰድኩብዎ፣ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ክንዴን ይዞ ላተረፈኝ እጅዎ ያለኝን ውለታ ሳልዘነጋ፣ ለፋብሪካዎ ብልጽግናን፣ ለወለሉ መጥረጊያን፣ ለእርስዎም የማያልብ እጅ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ሌላ አቋም ስለሌለኝ፣ ታላቅ አክብሮቴን እገልጻለሁ።

እንዳላማው
ጡረተኛ መምህር
ደብረ ማርቆስ

ግልባጭ፦
ለፋብሪካው አጣሪ ኮሚቴ፣ ሰው ምስክር መሆን እንደሚችል እንዲያውቀው
ለአቶ አምሳሉ፣ ጋሪውን ስላስቆመ ከምስጋና ጋር
ለጋሪው፣ በደረት ከፍታ ተይዞ እንዲያነበው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ ዘሪቱ አሁንም ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ ሰው በሩን ባንኳኳ ቁጥር መነሣታቸውንም አልተዉም። ምናልባት አንድ ቀን ሽማግሌዎችን ይዘው ሊመጡ ቢያስቡ የክፍሉ በር ዝቅ ያለ መሆኑን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ሳያጎነብሱ መግባት አይቻልም። አይስጉ፤ እነዚህ ሰዎች ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ይታያቸዋል።